በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ጨርቅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በካስሉ ወጥ ቤት ኬክ ቆረሱልኝና በመስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ለረጅም ዘመን የሕንፃ እንክብካቤ አገልግሎት» ይላል። አጨበጨቡ፣ አመሰገንኩ፣ ቤቴ ስደርስ አልጋ ሥር ወረወርኩት። የሕንፃ እንክብካቤ ማለት መጥረግና መወልወል ነው። እውነት ነው፣ ሁለት ዓመት ጠርጌያለሁ፣ በመጥረጌም አላፍርም። ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት ግን የፈጀሁት አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ጨርቅ ላይ በመርፌ አቀርቅሬ ነው። ዓይኔንም ወገቤንም የሰጠሁት ለዚያ ጨርቅ ነው። ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አውቀው ነው ያልጻፉት፣ ለምን እንዳልጻፉትም አውቃለሁ። እነሱ ካልጻፉት እኔ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ካስል የምለው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ከፍታው ላይ ያለውን የድንጋይ ቤት ነው። በእንጨት ንግድ የከበረ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ያሠራው ሲሆን፣ ሁለት ማማና እንደ ቤተ ክርስቲያን ረጅም የሆኑ መስኮቶች ስላሉት የከተማው ሰው ካስል ይለዋል፤ ዛሬ በቦርድ የሚተዳደር ሙዚየም ነው። እኔም እንደዚያው ልበለውና ትክክለኛ ስሙን ልተወው። ሰውየው ለላይኛው ፎቅ አዳራሽ ብሎ ከአውሮፓ ታፔስትሪ አስመጥቶ ነበር። ታፔስትሪ ማለት በሱፍና በሐር ክር የተሸመነ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ነው። ይሄኛው ነገሥታትና ፈረሰኞች የሉበትም። በግ የሚሸልቱ ወንዶች፣ ሱፍ የሚያባዝቱ ሴቶች፣ ታች በግራ ጥግ ላይ ደግሞ ቁጭ ብላ የምትፈትል አንዲት ሴት አሉበት። በአጭሩ፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሥዕል ነው።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሸምን እኔ ማግ በቀሰም እጠቀልልለት ነበር፣ ጉርምስና ላይ ስደርስ ራሴ ጥለት እጥል ጀመር። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን «ሸማኔ» ስድብ ነበር። የአባቴን ሥራ የለበሱት ሰዎች ናቸው በአባቴ ሥራ የሚሰድቡኝ። እስከ ዛሬ ይህ ነገር ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል። ይባስ ብሎ ስድቡን እኔው ተቀበልኩት። ሚኒያፖሊስ ስገባ አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ በዚያው ቀጠልኩበት።

መጀመሪያ የሠራሁት ኤደን ፕሬሪ የሚባል ቦታ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን በማሸግ ነበር። አለቃችን ሽንት ቤት ለመሄድ እጅ እንድናወጣ የሚያደርግ ሰው ነበር፣ አርባ ዓመት የሞላን ሰዎች እንደ ተማሪ እጃችንን እናነሣለን። ከዚያ ሌክ ስትሪት ላይ ያለ ላውንደሪ ገባሁና ሱሪ አሳጠርኩ፣ ዚፕ ቀየርኩ። የሰዎችን ካፖርት የተቀደደ ገበር የጠገንኩት እዚያ ነው። የላውንደሪው ባለቤት እጄን አይታ «ልብስ ሰፊ ነበርክ እንዴ?» ስትለኝ እንኳ አይ፣ ጸሐፊ ነበርኩ አልኳት። ወደ ካስሉ ያስገባኝ ተስፋይ ነው። ተስፋይ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ካስሉን ለዓመታት የጠበቀ፣ «ሓወይ»፣ ወንድሜ፣ እያለ የሚጠራኝ ጓደኛዬ ነው። የጽዳት ቦታ ክፍት ሲሆን ስሜን ሰጠልኝና በመጥረጊያ ጀመርኩ።

ያኔ ታፔስትሪው አዳራሹ ውስጥ ከማሞቂያው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ጥላሸት ጠጥቷል፣ አንዳንዱ ቦታ እንደ አሮጌ ወንፊት ሆኗል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ግድም ቦርዱ አዳራሹ ይታደስ፣ ጨርቁም ይጠገን ብሎ ወሰነና የጥንት ጨርቅ ባለሙያ ቀጠሩ። ኢንግሪድ ትባላለች። አባቶቿ ከኖርዌይ የመጡ፣ የሚኒሶታ ገጠር ተወላጅ፣ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ ቀጭን ሴት ነበረች። በአማርኛ ብንነጋገር ኖሮ «እርስዎ» እላት ነበር።

አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥታ በእጅ ባትሪ እያየች እኔ ከሥር ወለሉን እወለውላለሁ። ከረዳቷ ጋር ጨርቁ ለምን እንደተሰነጣጠቀ ይነጋገራሉ። ረዳቷ ማሞቂያውን ይወቅሳል። እኔ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ያየሁት ነገር ስለነበር አላስችል አለኝና በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛዬ ጨርቁ ተኝቶ ነው የተሸመነው አልኩ። ዘወር ብላ አየችኝ። መወልወያውን ጥዬ በእጄ አሳየኋት። ሸማኔው ሥዕሉን በጎኑ አጋድሞ ነው የሠራው፣ ስለዚህ ሲሰቀል ድሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሆናል፣ ጠንካራው ድር ምንም ሳይሸከም ክብደቱን ሁሉ ደካማው ማግ ይሸከማል። ለዘመናት የተቀደደው በራሱ ክብደት ነው።

ከመሰላሉ ወርዳ ይህን ከየት አወቅህ አለችኝ። በአሥራ ሦስት ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ፤ ሸማኔ ነኝ አልኳት። ተስፋይ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ሲወጣ ሳቅ እያፈነው «ጸሐፊው» አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኢንግሪድ ግን አልሳቀችም። በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ያንን ሰው ስጡኝ ብላ ወሰደችኝ።

ስለ ኢንግሪድ አሠራር ስጽፍ ቁጣዬ ትንሽ ይበርድልኛል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጥፍራችንን ቆርጠን በሞረድ እንሞርዳለን፣ ሸካራ ጥፍር ሐር ይዞ ይመዛልና። ክፍሉ ውስጥ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ጨርቁን በጣቷ ጫፍ አትነካም፤ በአይበሉባዋ ነው፣ ላብ የለውም ትላለች። ማታ ከመውጣታችን በፊት መርፌዎቹን ትቆጥራለች፣ አንድ ከጎደለ እስኪገኝ ማንም አይወጣም። አንድ ጊዜ የጎደለው መርፌ የራሷ ሹራብ ላይ ተሰክቶ ተገኘና ሁላችንንም በየተራ ይቅርታ ጠየቀች። አገሬ ውስጥ ባለሙያ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ለወራት አቧራ ብቻ ነው ያወጣነው። በጨርቁ ላይ ወንፊት አንጥፈን፣ የአቧራ መምጠጫ ማሽኑን ጉልበት እስከ መጨረሻው ቀንሰን፣ መዳፍ በመዳፍ እንስባለን። ቀጥሎ በፍታ እንደ ገበር ከሥሩ ዘርግተን የላላውን ክር በእሱ ላይ ማሰር ጀመርን። ቡናማው ክር ከሁሉ በፊት ያለቀው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ቀለሙ ብረት ስላለበት ሱፉን ውስጥ ለውስጥ እንደሚበላው ነገረችኝ። የሰዎቹ የፊታቸውና የእጃቸው ዙሪያ መስመር ሁሉ ቡናማ ነበርና ሰዎቹ ጠርዝ አልባ ሆነው ቀርተዋል።

እጄ አስቸገረኝ። የሸማኔ እጅ ማግን መትቶ ማጥበቅ ነው የለመደው። እኔ ሳጠብቅ እሷ ስትፈታ ከረምን። አንድ ቀን እጄን ይዛ «አንተ እየሸመንክ ነው። እኛ እዚህ የምንሠራው መያዝ ነው፤ መያዝ ብቻ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ የምትፈትለዋ ሴት ግማሽ ፊት ጠፍቶ ስለነበር ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለም እያመሳሰልኩ፣ በቀጭን ሐር ጉንጯንና አገጯን ሠራሁላት። የቀድሞው የት ጋ እንዳለቀ፣ የእኔ የት ጋ እንደጀመረ አይለይም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። ኢንግሪድ ረጅም ሰዓት አይታው በጣም ቆንጆ ነው አለችና ፍታው አለችኝ። ያ ሸማኔ የሠራውን ፊት ማንም አላየውም፣ አንተ ሌላ ፊት ሰጥተህ የእሱ ነው ልታስብል ነው አለች። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ ፈታሁት፣ የቀረውን ግማሽ ፊት እንዳለ ያዝኩት። ትክክል እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

እንዲህ እያልን አራት ዓመት አለፈ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይሻልም፣ በወረቀት ላይ የነበረኝ ስም «ቴክኒሺያን» ነበር። ግድ አልነበረኝም። ጠዋት ከምኖርበት ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ሁለት አውቶቡስ ለውጬ ስመጣ ወደ ሥራዬ እንጂ ወደ ሥራቸው የምሄድ አይመስለኝም ነበር።

ጨርቁ ሊያልቅ ሲል የአዳራሹ እድሳት ተጀመረ። አሮጌው ልስን ተፋቀ፣ ማሞቂያው ተነቀለ፣ ለመስኮቶቹ ብርሃን የሚያጣራ መስታወት ታዘዘ። ጭቅጭቁ ታፔስትሪው የት ይሰቀል የሚለው ላይ ነበር። ኢንግሪድ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው አለች። ዳይሬክተሩ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ፈለገው፤ እንግዳ ገና ሲገባ እንዲያየው። የሰሜኑ ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ነው፣ ጥሬ ድንጋይ። ሱፍና ሐር እንዳይደርቁ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የሚረጭ ማሽን ይሠራል። እርጥቡ አየር ከጨርቁ ኋላ ገብቶ በረዶ የሆነ ድንጋይ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። አፓርታማችን ውስጥ ከውጭው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ቁም ሣጥን አለ፤ በመጀመሪያው ክረምታችን የባለቤቴ የሐበሻ ቀሚስ እዚያ ውስጥ ተሰቅሎ ጀርባው ሻግቶ ነው ያገኘነው።

የመጨረሻው ስብሰባ ሲደርስ ኢንግሪድ የዳሌ አጥንቷን ቀዶ ጥገና ልታደርግ ሆስፒታል ገባች። ሦስት ነጥብ በእርሳስ ጽፋ ሰጠችኝ። ውስጠኛው ግድግዳ ይሁን። እምቢ ካሉ በጨርቁና በግድግዳው መካከል አየር የሚያልፍበት አንድ ክንድ ክፍተት ይተው። ሁለቱንም እምቢ ካሉ አይሰቀልም። እንግሊዝኛዬ ቢያጥረኝ ወረቀቱን ብቻ እንዳነብላቸው ነገረችኝ።

ስብሰባው ላይ ዳይሬክተሩ፣ አርክቴክቱ፣ የእድሳቱን ወጪ የከፈሉት አዛውንትና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ነበሩ። አዛውንቱ ቤቱን ያሠራው ሰው የልጅ ልጅ ናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ገና ሳንጀምር ልናገር አሉ። ልጅ ሳሉ እናታቸው ያ ጨርቅ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ቢሆን ምንኛ ያምር ነበር ትላቸው እንደነበር ተናገሩ። ሳልሞት አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ልየው አሉና እንባቸው መጣ። ልጆቻቸውም አለቀሱ።

እኔ ባደግኩበት አገር ሞት አፋፍ ላይ ያለ አዛውንት በልጆቹ ፊት የመጨረሻ ምኞቱን ሲናገር ማንም ተነሥቶ አይሆንም አይልም። ይሁንልዎ ይባላል። ተቃውሞ ካለ በሌላ ቀን፣ በጎን፣ በአማላጅ ነው የሚነገረው። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ነገ አርክቴክቱን ለብቻው እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ። አርክቴክቱ ወደ እኔ ዞሮ ከጨርቅ ክፍሉ ተቃውሞ አለ ወይ ሲል ጠየቀ። አንገቴን ደፋሁ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘዋ ጸሐፊ ተቃውሞ የለም ብላ ጻፈች። በማግስቱ አርክቴክቱ ዘንድ ስሄድ ተወስኗል፣ የግድግዳው ዕቃ ታዟል አለኝ። ተጨንቆ ያሰበበት እንኳ አይመስልም ነበር።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ሆስፒታል ሄጄ ኢንግሪድን ስጠይቃት ስብሰባው እንዴት ነበር አለችኝ፤ እያሰቡበት ነው አልኳት። ገና ቁስሏ ሳይጠግግ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ እንዴት ይነገራል? የወሰደችኝ ልጄ ሰላም ናት፤ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። «ዳድ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ሴይ ኖ?» አለችኝ፤ ለምን አይሆንም ብቻ አላልክም ማለቷ ነው። ሰውየው እኮ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊሞቱ ነው አልኳት። እሷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፣ መልሴ አልገባትም። ዛሬ ሳስበው ለእኔም ብዙ አይገባኝም።

ኢንግሪድ ከሁለት ወር በኋላ በከዘራ ስትመለስ የሰሜኑ ግድግዳ ተለስኖ፣ ማንጠልጠያው ሐዲድ ተመትቶ አገኘችው። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች፤ ያንቺው ሰው ተስማምቷል ተባለች። ወደ ሥራ ክፍሉ መጥታ ወረቀቱን ጠየቀችኝ። ከኪሴ አወጣሁት። ሁለት ወር ሙሉ ከኪሴ አልወጣም ነበር። የሆነውን እንደሆነው ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«ወልዴ፣ ሽማግሌውን አከበርክ። ጨርቁ ግን ከሳቸው በብዙ መቶ ዓመት ይበልጥ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣችብኝም። የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈች፤ ስብሰባው ላይ ስምምነት ተመዝግቧል የሚል መልስ መጣላት። ቢያንስ ክንድ የሚሆን ክፍተት ተዉልኝ አለች፤ አርክቴክቱ ጨርቁ ወደ ፊት አፈንግጦ ያስጠላል ብሎ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ፈቀደ። ሥራዋን ጥላ መሄድ ትችል ነበር። እኔ ካልሰቀልኩት በአናጢ ያሰቅሉታል ብላ ቀረች። መስከረም ላይ በአሥራ ሁለት እጅ ሰቀልነው። አዛውንቱ ሲያዩት ፈገግ አሉ፣ የሚፈልጉትን አገኙ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ሞቱ። በእሳቸው ላይ ቂም የለኝም፤ ማንም እውነቱን አልነገራቸውም፣ እኔን ጨምሮ።

የእኔ ቂም ሌላ ቦታ ነው። ጥር ላይ የመኪና በር ቀዝቅዞ የማይከፈትበት ቅዝቃዜ መጣ። አንድ ሐሙስ ጠዋት በታችኛው ግራ ጥግ በኩል አይበሉባዬን ከጨርቁ ኋላ ላስገባ ስሞክር አልገባ አለኝ። ገበሩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። በባትሪ ሳይ በረዶ ነው፤ ሕንፃው ውስጥ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ከጨርቁ ኋላ በረዶ። ኢንግሪድን ጠራኋት። እንዳትስበው አለች፤ ከተሳበ ገበሩም ጨርቁም አብረው ይቀደዳሉ። የእርጥበት ማሽኑ ይጥፋ፣ አዳራሹ ይዘጋ፣ በቀን በቀን በጥቂቱ እናሙቀው፣ ውሃውን በጥጥ እየመጠጥን እናውርደው አለች። አራት አምስት ቀን ይፈጃል።

ዳይሬክተሩ አዳራሹ ቅዳሜ ለሠርግ ተከራይቷል አለ። አዎ፣ ለሠርግ! ታፔስትሪውን ለማዳን ታደሰ ተብሎ ገንዘብ የተለመነበትን አዳራሽ ለራት ግብዣ ያከራዩት ጀመር። እስከ ሰኞ ይቆይ አለ። ኢንግሪድ ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰኞ ሲደርስ የሚያድነው ነገር አይኖርም አለችው። ከካስሉ ጠበቃ ጋር እነጋገራለሁ ብሎ ወጣ። ለተስፋይም ማንም ጨርቁን እንዳይነካ ትእዛዝ ተሰጠው። ተስፋይ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አቃተው።

ቅዳሜ ሁለት መቶ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። የሰው ትንፋሽና የምግብ እንፋሎት አዳራሹን አሞቀው። ሰኞ ስንገባ በረዶው በአንድ ጊዜ ቀልጦ ከጨርቁ ሥር ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። የበግ ሸላቹ ቀይ ሱሪ ቀለሙን ለቆ ነጩ በግ ላይ ወርዷል። የምትፈትለዋ ሴት፣ ያ ግማሽ ፊቷ፣ ሐሩ ከግንባር እስከ ጉንጭ ተተርትሯል። ኢንግሪድ አጠገቤ ቆማ አላለቀሰችም። ወንበር አምጣልኝ ብላ ተቀመጠችና እርሳስ አውጥታ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ ጀመረች። እኔ ነኝ ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት።

አሁን የሚያቃጥለኝ ቦታ ደረስኩ። ለኢንሹራንስ የተጻፈው ሪፖርት የጉዳቱ ምክንያት «የገበሩ አሰፋፍ እርጥበት መያዙ» ነው አለ። ገበሩን የመረጠችው ኢንግሪድ፣ የሰፋነው እኛ። ስለ ግድግዳው አንድ መስመር ብቻ አለ፣ ስለ ሠርጉ ደግሞ ምንም የለም። ኢንግሪድ ውልሽ አይታደስም ተባለች። በሌሎች ሙዚየሞች ሠላሳ ዓመት የታወቀ ስሟ በዚያ አንድ ወረቀት ተበከለ፤ ስልኳ መጮሁን አቆመ።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ስብሰባው ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይሆንም ብላ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር፣ ወረቀቱ ይኸው አልኩት። ወረቀቱን አየው፤ መልሶ ሰጠኝና በሩን በቀስታ ዘጋው። «ይህን አሁን ብናነሣ ነገሩ ይወሳሰባል» አለኝ። «አንተ ደግሞ ሥራህን ትወዳለህ። ቤተሰብ አለህ።» ያን ጊዜ ባለቤቴ የኩላሊት ሕክምና ላይ ነበረች፣ ሕክምናዋም በእኔ ኢንሹራንስ ነበር። ይህን እሱ ያውቃል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ምክንያት ያለኝ ፈሪ፣ ግን ፈሪ። ከዚያ በኋላ ዕቃ እያንቀሳቀስኩ፣ አምፖል እየቀየርኩ ሦስት ዓመት እዚያው ቆየሁ። ያንን ነው የሕንፃ እንክብካቤ የሚሉት።

ኢንግሪድን ቤቷ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ለዳይሬክተሩ ተናግሬ እንደነበረ ስነግራት አመሰገነችኝ፤ በተዘጋ በር መናገሬን አልወቀሰችም። የምትጠይቀኝ ወርዶ ምድር ቤት ስለተቀመጠው ጨርቅ ብቻ ነበር፤ በትክክል ተጠቅልሏል ወይ፣ ክፍሉ ጨለማ ነው ወይ፣ የሚያየው ሰው አለ ወይ። በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ሞተች። ቀብሯ ላይ ከካስሉ የመጣነው እኔና ተስፋይ ብቻ ነን።

ጡረታ ከወጣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ ቲኬት ቆርጬ እንደ ማንኛውም ሰው ካስሉን ልጎበኝ ገባሁ። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ታፔስትሪው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያ ጨርቅ እኮ ምድር ቤት ነው። ቀረብኩ። ፎቶግራፍ ነው። ከመበላሸቱ በፊት የተነሣውን ፎቶ በጨርቅ ላይ አሳትመው፣ የማይጎዳ ስለሆነ መብራቱን እንደ ሱቅ አብርተውበታል። ክር የለውም፣ ማግ የለውም። ከጎኑ ያለው ጽሑፍ አዛውንቱን፣ ዳይሬክተሩንና አርክቴክቱን በስማቸው ያመሰግናል፤ ጨርቁ «በአካባቢው ባለሙያዎች ታድሷል» ይላል። ቅጂ ነው የሚል አንድ ቃል የለም።

ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች ቆመዋል። አስጎብኚዋ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የሸማኔ እጅ ሥራ ይኸው ብላ ወደ ፎቶው ትጠቁማለች። እሷ ምን ታድርግ፣ ያስጠኗትን ነው። ሰዎቹ በአድናቆት ያያሉ። አንዱ አባት ልጁን ወደ ላይ አንሥቶ የምትፈትለዋን ሴት ያሳየዋል።

ተስፋይ በሩ ላይ ዩኒፎርሙን ለብሶ ቆሟል፤ እሱ ገና ጡረታ አልወጣም። ሲያየኝ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ጀምሬ ነበር። በዚያችው እንግሊዝኛዬ፣ ይህ ፎቶ ነው አልኩ። ዋናው ምድር ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ተቀዶ ተቀምጧል። ኢንግሪድ የምትባል ሴት አራት ዓመት በመርፌ ይዛው ነበር፤ እዚህ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ብላ ነበር። አይሰቀልም የሚለውን ቃሏን ተሸክሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎም ለሠርግ ሲሉ አበላሹት፣ ጥፋቱንም በእሷ ላይ ጻፉ።

አስጎብኚዋ ቀልታ ወደ በሩ፣ ወደ ጠባቂው አየች። ተስፋይ በእርጋታ ወደ እኔ መጣ። ክርኔን ይዞ ሊያስወጣኝ ነው ብዬ እጄን አላላሁለት፤ ሥራው ነው፣ አልቀየመውም።

አጠገቤ ቆመና በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ወልዴ ሓወይ» አለኝ፣ «ከኋላ ያሉት አልሰሙህም። ስሟን ድገምላቸው።»

ደገምኩላቸው።